ኡሞድ እናቴን የጠየቃት ጥያቄ

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን፣ የማይለቅ የመገጣጠሚያ ሕመም የምታጠና ሐኪም ከአዲስ አበባ መጥታ አስተርጓሚ ስትፈልግ፣ ሥራው የእኔ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። የጤና መጻሕፍት ብቻዬን አንብቤ፣ ጉልበት ለምን እንደሚያብጥ፣ እብጠት ሳይኖርም መላ አካል ለምን እንደሚታመም በሠፈራችን በኒውላንድ ያላስረዳሁት ሰው የለም። ሐኪሟ ግን እኔንም የሠፈሬን ልጅ ኡሞድንም ልፈትን አለች። ለመፈተኛ የቀረበችው ታማሚ ደግሞ የገዛ እናቴ ነበረች።

«ሕመሙ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ይሆናል በላት» አለችኝ። እኔ በአኝዋክኛ ስለ ዜሮ፣ ስለ አስር፣ ስለ ነርቭም ጨምሬ አብራራሁ። እናቴ «አምስት» አለች። ኡሞድ ተራው ሲደርስ ጎንበስ ብሎ፣ «እናቴ፣ ከባሮ ውሃ ቀድተሽ ስትመለሺ እንስራውን የት ጋ ታወርጂዋለሽ?» አላት። «አምና እቤት እስክደርስ አላወርደውም ነበር። ዘንድሮ ማንጎው ሥር አርፋለሁ፤ ከዚያ ሰው ካላሸከመኝ ማንሣት አልችልም» አለችና የማይታጠፉ ጣቶቿን አሳየችው። ሐኪሟ ኡሞድ የተረጎመላትን ጽፋ ስትጨርስ «ነገም ና» አለች፤ ለእሱ።

ከእናቴ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ ከሥራው ይልቅ ሌላው ነገር አንገበገበኝ። «ለእኔ ያልነገርሽኝን ለኡሞድ ትነግሪዋለሽ?» አልኳት።

«እሱ ጠየቀኝ። አንተ ታስረዳኛለህ» አለችኝ።

በማግሥቱ ኡሞድ በደጃችን ሲያልፍ ድምፁን ሰምታ፣ «ና ግባ፣ ልጄ» አለችው። ወንበሬን ለቀቅኩለት፤ ሰላምታውን ግን አልመለስኩም።