የሃምሳ አለቃ ጣሰው የዓመት ፈቃድ

ትምህርት ቤት በተዘጋ በሦስተኛው ቀን፣ በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ የባትሪ ድንጋይ ልገዛ ነገሌ ገበያ ዳር ካለው የሀሺ ሱቅ ጎራ ብዬ ጎረቤቴን ሃምሳ አለቃ ጣሰውን አገኘኋቸው። ሃምሳ አለቃ ከጦር ሰፈሩ አጠገብ መኖር ከጀመሩ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አራት ልጆቻቸውንም የወለዱት እዚሁ ነው። እሳቸው ግን የጎጃም ሰው ናቸው። በየዓመቱ ፈቃድ ሲወጡ ብቻቸውን ወደ ትውልድ መንደራቸው ይሄዳሉ፤ ልጆቹም አያታቸውን አንድ ቀን እንኳ አይተው አያውቁም።

«አካም ሃምሳ አለቃ፣ ናጋ?» ሲል በኦሮምኛ ሰላም አላቸው ሀሺ ከባንኮኒው ጀርባ።

«ናጋ!» ብለው አንድ ወረቀት ዘረጉ። የሃያ ሁለት ዘመድ ስም ተጽፎበታል። ለአጎት ብርድ ልብስ፣ ለአክስት ሻሽ፣ ለነፍስ አባት ጃንጥላ ይላል። ዕቃውን ልታወርድ ወረቀቱን የተቀበለችው የሀሺ ልጅ ፋርሂያ ነበረች። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተምራ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት መምህርት ሆናለች፤ ያመነችበትን ደግሞ ዝም ብላ መዋጥ አታውቅም።

«ጋሼ ጣሰው፣ የልጅዎ የኑኃሚን ስም የለም። የትንሿ የረሆቦትም የለም።»

«እነሱማ እዚሁ ናቸው፤ ምን ልወስድላቸው ነው?»

«ለምን እዚሁ ይቀራሉ? ትምህርት ተዘግቷል፣ አንቱም ፈቃድ ወጥተዋል። ከባለቤትዎ ከእትዬ እሙሽ ጋር ሁሉንም ይዘው ቢሄዱስ?»

ሃምሳ አለቃ ሳቁ። «ልጅ አግተልትሎ መዝናናት የፈረንጅ ነው፣ ልጄ። ደግሞ ክረምት ነው፣ ጭቃው አይጣል ነው። ደግሞስ ስድስት ሆኜ ተሳፍሬ ስጦታው ከየት ይመጣል? ይሄን ሁሉ ዘመን ደሞዝ በልቶ ቤተሰቡን ይዞ ባዶ እጁን ሊበላን መጣ እንዲሉኝ ነው? መጀመሪያ የእናቴን ቤት ቆርቆሮ ላልብሰው። ከዚያ በኋላ ልጆቼን በክብር አስገባለሁ።»

ስለዚህ ቆርቆሮ መስማት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እውነቱን ለመናገር የሃምሳ አለቃ በሽታ ብቻ አይደለም። ከሌላ አገር መጥተን በዚህ ቆላ የሰፈርን ደሞዝተኞች ሁሉ ሐፍረት ገድሎናል። እኔም የአባቴን ደጅ ለልጆቼ ሳላሳይ ደጁ ተዘግቷል።

ፋርሂያ ግን ቀጠለች። «አባቴ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር አምስታችንንም ከስኳር ጆንያ ጋር ጭነት መኪና ላይ ጭኖ ፊልቱ አያቴ ዘንድ ይወስደን ነበር። ስጦታ የለ፣ አዲስ ልብስ የለ። በዚያ በኩል ያ ጊዜ ደረቅ ወቅት ስለሆነ አያቴ የምትሰጠን ወተት እንኳ አልነበራትም፤ ባዶ ሻይ ጠጥተን ምንጣፍ ላይ እንተኛለን። ዛሬ ስለዚያ ቤት ቢጠይቁኝ ግመሎቹን በየስማቸው እጠራልዎታለሁ። የአንቱ ልጆች ስለ አያታቸው ምን ያውቃሉ?»

ሃምሳ አለቃ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባለፈው ዓመት እናቴ፣ ‹አራት ወለድኩ ትላለህ፣ አንድ አላሳየኸኝም፤ ጎረቤት እየሳቀብኝ ነው› አለችኝ» አሉ።

«ምን አሏት?»

«የዛሬ ዓመት አልኳት።»

«የዛሬ ዓመት መቼ ነው፣ ጋሼ?»

ሃምሳ አለቃ ግንባራቸውን አሹ። «ዛሬ ነዋ» አሉ።

እንዲህ ተረቱ። ወዲያው ጉዞውን ማቀድ ጀመርን። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ እንዳይደክሙ ክብረ መንግሥት ይታደራል፤ በማግስቱ ሐዋሳ ገብተው ሐይቅ ያያሉ፤ ረሆቦትን መኪና ስለሚያስመልሳት ሎሚ ይያዝላታል። ሃምሳ አለቃ እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ዘመድ ስጦታ እንዳይጠብቅ አስቀድሞ ይነገር ብላ ፋርሂያ ስላሳሰበች ለወንድማቸው ለእንዳሻው ደወሉ። ስልካቸው ጮክ ብሎ ስለሚያወራ ሁላችንም እንሰማለን።

«እንዳሻው! ዘንድሮ ልጆቹን በሙሉ ይዤ መምጣቴ ነው! እጄ ግን ባዶ ነው፣ ለእናቴ ንገራት!»

«ልጆቹን ተዋቸው» አለ እንዳሻው። «አንተ ብቻ ና።»

«ለምን? እስቲ እሷን አቅርብልኝ።»

«ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች።»

«ከፋሲካ ጀምሮ በደወልኩ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን ናት?»

«አንተ ብቻ ና፣ ወንድሜ» አለና ስልኩን ዘጋው።

በአገራችን ሩቅ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ይደብቀዋል፤ ሲመጣ ተሰብስቦ ያረዳዋል። ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ ሱቅ ውስጥ አልነበረም። ሀሺ የያዘውን ብርድ ልብስ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ፋርሂያ ማልቀስ ጀመረች፣ «ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«አንቺ ምን አጠፋሽ? አንቺማ ዘግይተሽ መጣሽብኝ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ልጆቹን እወስዳለሁ። ቢያንስ ያረፈችበትን ይወቁ።»

ያነበባችሁ ወላጆች ሆይ፣ ቁጣዬን ይቅር በሉኝ። ልጅ ከአያቱ ጋር አንድ ሳምንት ቢሰነብት የዘሩን ስም ይይዛል፣ የአባቱን ልጅነት ይሰማል፣ አረጋዊቷም ደስ ብሏት ታርፋለች። ለዚህ የሚያስፈልገው የመንገድ ስንቅና አስቀድሞ ማቀድ ብቻ ነው። ቆርቆሮው ይቆይ፣ ሻሹም ይቅር። እኛ ሐፍረታችንን ስናስታምም ሰው ያልቃል።

ረቡዕ ማለዳ ልሸኛቸው መናኸሪያ ወረድኩ። ሃምሳ አለቃ ለልጆቹ ምንም አልነገሯቸውም፤ መንገዱ ላይ አፋቸው ይፈታላቸው እንደሆነ እንጃ። ረሆቦት በመስኮት ብቅ ብላ፣ «መምህር፣ አያቴን ላያት ነው!» አለችኝ።

አባቷ ከጀርባዋ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ሰላም በይልኝ» አልኳት።