የዶን ኤቫሪስቶ ሪዝ

መምህርት ማሪሴልዳ ዳቦ ገዝታ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ዶን ኤቫሪስቶን አውቶቡስ መቆሚያው ላይ አገኘቻቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማሩ፣ አፋቸውን ጭራሽ የሸፈነው ሪዛቸው በከተማው ሁሉ የታወቀ መምህር ናቸው። ደብዳቤ ይዘዋል።

«እንደምን አደሩ ዶን ኤቫሪስቶ? ማንን እየጠበቁ ነው?»

«ሹፌሩን። ይቺን ደብዳቤ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ያደርስልኛል። ክፍሌ ያለችው ኑቢያ መስማት የተሳናት ልጅ ናት፤ ቦታዋ ዋና ከተማ ያለው ልዩ ትምህርት ቤት ነው።»

የማሪሴልዳ ደም ፈላ። ኑቢያ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዋና ከተማው ደግሞ የአሥር ሰዓት መንገድ።

«ከእናቷ ጉያ ነጥቀው?»

«አትቆጪ ልጄ። እኔ እያነበብኩ ልጆቹ ሲጽፉ እሷ ባዶ ወረቀት ነው የምታስረክበኝ። አርባ ልጅ ላስተምር ወይስ አንዷን?»

«አርባ አንዱን! ልጅቷ እኮ ከንፈር አይታ ነው የምትረዳው። የእርስዎ ከንፈር የት አለ? እኔ ራሴ አይቼው አላውቅም!»

«ሪዜን ተዪው!»

«ጥፋተኛውማ እሱ ነው! በዚያ ላይ ሲያነቡ ወደ ሰሌዳው ይዞራሉ።»

የስንቱ መምህር በሽታ ይኸው ነው! የራሱን ጉድለት በልጅ ጆሮ ላይ ለጥፎ «አትችልም» ብሎ ይፈርማል። መፈረም ከማስተማር ይቀላላ!

«ዛሬ እኔ ላንብብላቸው» አለች። «ካቃታት ደብዳቤውን ነገ ይላኩት፤ አንዲት ቃል አልተነፍስም።»

«አንቺ ዝም ስትዪ ለማየትማ አንድ አውቶቡስ ቢያመልጠኝ ምን አለበት!» ብለው ሳቁ።

ክፍል ሲገቡ ማሪሴልዳ ፊቷን ወደ ልጆቹ አዙራ አነበበች። ልጆቹ በሚማሩበት በስፓኒሽ ቋንቋ «የአህያው ቤ» እና «የላሟ ቤ» የሚባሉ ፊደላት አሉ፤ ድምፃቸው እንደ እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ አንድ ነው። ዶን ኤቫሪስቶ ሲያርሙ፣ ክፍሉ በሞላ ክረምትን በአህያው ቤ፣ ፀጉርን በላሟ ቤ አቀያይሮ ጽፎታል። የኑቢያ ወረቀት ላይ ግን አንድም ስሕተት አልነበረም።

«ኮርጃ ነው!»

«ከማን? ከአርባ ተሳሳች?»

«ታዲያ እንዴት?»

«ቃሉን የምታውቀው በዓይኗ ነዋ። የማትሰማው ድምፅ በምን ያሳስታት?»

ሽማግሌው ወረቀቱን ደጋግመው አገላበጡት። «እነዚያ ከኋላ የሚቀመጡት ሦስት ሰነፎችስ? ሌላ ጊዜ ግማሹን ይዘሉ ነበር፤ ዛሬ እንዴት ሁሉንም ጻፉ?»

«መቼ ሰነፎች ነበሩ? የእርስዎን ጀርባ ሲያዳምጡ ነው የከረሙት።»

ዶን ኤቫሪስቶ ደብዳቤውን ቀደዱት። «እኔ እሷን ሸክም ብዬ ነበር» አሉ በዝግታ። «ለካ ለእሷ ተብሎ የተስተካከለው ለአርባውም ይተርፋል። ከእንግዲህ ቃላቱን በዓይን እናስጠናቸዋለን።»

ሰኞ ጠዋት ሪዝ የሌለው ሰውዬ ክፍል ሲገባ ልጆቹ እንግዳ መስሏቸው ብድግ አሉ። ኑቢያ ትክ ብላ አየቻቸውና ደብተሯ ላይ ጽፋ አሳየቻቸው፦ «አፍ አለዎት እንዴ!»

ዶን ኤቫሪስቶ ከመሳቃቸው በፊት ፊደሉን መረመሩ። አፍ የሚለው ቃል በአህያው ቤ፣ እንደ ደንቡ ተጽፏል።