ሊጉ ይራዘም ብዬ የተሟገትኩ ቀን

ከወልድያ ወደ መርሳ ስንሄድ የሚኒባሱ ሬዲዮ የእግር ኳስ ሊጉ የውድድር ጊዜ ይራዘም አይራዘም እያለ ያከራክራል። እኔም «ይራዘም እንጂ፤ ተጫዋቾቹ ሥራ ፈትተው ምን ይሠራሉ?» ብዬ ጮክ ብዬ ተሟገትኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ደገፈኝ። ሲሪንቃ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ተው ልጄ፤ የልጄ እጮኛ ተጫዋች ነው። ውድድሩ ይለቅ እየተባለ የጋብቻው ኒካ ሁለት ጊዜ ተላልፏል። ደግሞ ከተራዘመ ለጎረቤት ምን እላለሁ?» አሉኝ።

አፈርኩ። «እንግዲያው እናቴ፣ እንዲያውም ይጠርልዎ» አልኩ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘግቶ፣ «በቃ፣ ይጠር ተብሎ ተወስኗል» ሲል መኪናው በሳቅ ሞላ። እናትየው መርሳ ሲወርዱ ሁላችንንም ለሰርጉ ጠሩን። ውድድሩም በጊዜው አለቀ፤ እኔም ከሙሽራው ቡድን ጋር ስጨፍር ዋልኩ።