«እንዴታ! ችያለሁ»

ደሴ፣ የትርንጎ ባለ አንድ ክፍል ቤት፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ረዳቷ ዘምዘም በየማለዳው መጥታ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ታወጣት፣ ማታም መልሳ ታስተኛት ነበር፤ አሁን የአካል ጉዳተኞች ማኅበሩ አስተባባሪ እንድሪስ የዘምዘምን ደመወዝ የሚከፍለው ድጎማ መቆሙን ለትርንጎ ነግሯታል።

ትርንጎ፦ እኔ ምን አጠፋሁ? ጠየቁኝ፣ መለስኩ።

እንድሪስ፦ እሱ ነው ጥፋቱ፣ እትዬ ትርንጎ። ከለጋሾቹ የመጣችው ገምጋሚ «ራስዎን ችለዋል ወይ?» ስትልዎት ምን አሏት?

ትርንጎ፦ «እንዴታ! ችያለሁ» አልኳት።

እንድሪስ፦ እንዴታውንም ሳትተው ጻፈችው።

ትርንጎ፦ ታዲያ ምን ልበላት? በወንድሜ ጓዳ እንግዳ በመጣ ቁጥር በር ሲዘጋብኝ ኖሬ፣ ዛሬ የራሴ ቁልፍ አለኝ። የሰፈሩን ልጆች ሂሳብ አስጠንቼ ኪራዬን እከፍላለሁ። ልምሻ እግሮቼንና ግራ እጄን ወሰደ እንጂ አፌን አልወሰደ!

እንድሪስ፦ አፍዎማ ነው ያስቀጣዎት።

ትርንጎ፦ ድጎማውን የሚሰጠው ፕሮጀክት ስሙ ራሱ ማን ነበር?

እንድሪስ፦ «ራስን ችሎ መኖር»።

ትርንጎ፦ ያውልህ! ስሙን በሥራ ባሳይ ተባረርኩ።

እንድሪስ፦ አልተባረሩም። ለጋሾቹ ዘንድ ራሱን የቻለ ሰው «ተመረቀ» ነው የሚባለው።

ትርንጎ፦ ጋዋኑስ የታለ?

እንድሪስ፦ አይቀልዱ እባክዎ።

ትርንጎ፦ ሂድና አስረዳቸዋ። ዘምዘም ታነሳኛለች፣ ታስተኛኛለች፤ በመሃል ያለው ቀን የኔ ነው በላቸው።

እንድሪስ፦ አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነብኝ። የቀረው ይግባኝ ነው፤ ይኸው ወረቀቱ። «ራሴን አልቻልኩም» ብለው ይፈርማሉ።

ትርንጎ፦ ብፈርም ዘምዘም ትመለሳለች?

እንድሪስ፦ እሱማ...

ትርንጎ፦ ዓይንህን አታሽሽ፣ እንድሪስ።

እንድሪስ፦ ራሱን ያልቻለ ሰው ብቻውን እንዲኖር የድጎማው ደንብ አይፈቅድም። ወደ ቤተሰብ ይመለሳል።

ትርንጎ፦ ወደ ጓዳው።

እንድሪስ፦ ወደ ወንድምዎ።

ትርንጎ፦ ከቻልኩ ዘምዘም የለችም፣ ካልቻልኩ ቤቴ የለም። ለመሆኑ ይህን ያወጣውን ሰው ጠዋት ማን ነው የሚቀሰቅሰው?

እንድሪስ፦ ስልኩ ይሆናላ።

ትርንጎ፦ ታድሏል።

እንድሪስ፦ ዘምዘምን እስኪ እኔ ልለምናት?

ትርንጎ፦ ተዋት። ኮምቦልቻ የሚጠብቃት ሥራ አለ። ልጆቿን በምን ታብላ፣ በኔ ምርቃት?

እንድሪስ፦ ጎረቤትስ?

ትርንጎ፦ ጎረቤት አንድ ቀን ያነሳሃል፣ ሁለት ቀን ያነሳሃል፤ በሦስተኛው ድምፅህን ሲሰማ በሌላ መንገድ ይዞራል። አልፈርድባቸውም።

እንድሪስ፦ ለከርሞ አዲስ ድጎማ ይመጣል የሚል ወሬ አለ።

ትርንጎ፦ ላም አለኝ በሰማይ!

እንድሪስ፦ ታዲያ ወረቀቱን ምን ላድርገው?

ትርንጎ፦ ይዘኸው ሂድ። አልፈርምም።

እንድሪስ፦ እሺ። እየመሸ ነው፤ ሳልሄድ አልጋው ላይ ላስተኛዎት።

ትርንጎ፦ ነገስ ማን ያነሳኛል? አንተ?

እንድሪስ፦ ነገማ... ወልድያ ነኝ። ሌላ የተመረቀች አለች።

ትርንጎ፦ እንግዲያው አትንካኝ። ልጆቹ ሲመጡ ተጋድሜ አያገኙኝም። ዊልቸሩ ላይ አድራለሁ።

እንድሪስ፦ እትዬ ትርንጎ፣ እስከ መቼ?

ትርንጎ፦ እኔ እንጃ። ከዚህ እስከ አልጋው አንድ ክንድ ነው፤ ያልቻልኩት እሱን ብቻ ነው።