ሦስት ሽማግሌ በማለዳ

በእኛ ጊዜ፣ አየህ፣ እንዲህ እንደ ዛሬ በየኪሱ ስልክ የለ፣ ወሬ የሚታወቀው ሰው ሲመጣ ነው። ታዲያ በርህ ላይ ቆመህ ቁልቁል መንገዱን ታያለህ፤ ሰው እየሮጠ ከመጣ ከብት ገደል ገብቷል፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከመጡ ለቅሶ አለ፣ ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ዝም ብለው ከመጡ ደግሞ መርዶ ነው፣ የሞተብህን ሊነግሩህ ነው። እኛ በአገራችን በጋዝጊብላ እንዲህ ነበርን።

ታዲያ የድንበሩ ጦርነት ጊዜ ልጄ ሲሳይ ዘምቶ ወሬው ጠፋ። አብሮት የሄደ የአንዱ ልጅ መርዶ ከታች መንደር ተነግሯል፤ እና እኔ በየማለዳው መንገዱን ነው የማየው። ሴት ልጄ ጥሩዬ «እማ፣ ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል» ትለኛለች፤ እኔ እቴ! ብርዱ መች ተሰማኝና!

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በራፌ ላይ ቆሜ ባይ፣ ሦስት ሽማግሌ! ከፊት የማዶው ጎረቤታችን አያ ደምሴ፣ ነጭ ጋቢውን ደርቦ። ያ ሰው እኮ ሲያወራ አምደወርቅ ድረስ ይሰማል! ያን ዕለት ግን ጭጭ። እኔን ሲያዩ ጊዜ ደግሞ ቆሙ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ አንዱ አንዱን በክርኑ ጎሸም አደረገው። በቃ! አፋቸውን ሳይከፍቱ «ወይኔ ልጄን! ወይኔ ሲሳዬን!» ብዬ መሬት ወደቅሁ። ለቅሶ ደግሞ የሚወጣልኝ በአፍ መፍቻዬ በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛው ለገበያ ነው፣ ለልጅ አይበቃም።

ጥሩዬ ጌሾ ትወቅጥ ነበር፣ ዘነዘናውን ጥላ ወጣች፣ እሷም ጮኸች። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ። ሽማግሌዎቹስ ምን አደረጉ መሰለህ? አያ ደምሴ ዱላውን ወርውሮ «ወይ ሲሳይ! ወይ አንተ አንበሳ!» እያለ ደረቱን ይደልቃል! ሁለቱም እንደዚያው። እኔም በልቤ «እውነት ነው ማለት ነው፣ ባይሆን ይሄ ሽማግሌ እንዲህ አያለቅስም» አልኩና ብሶብኝ ፊቴን ነጨሁ።

ፀሐይ ወጣች። እና ጎረቤቴ እታለም፣ እሷ መቼም ነገር ሳታጣራ አታድርም፣ «ለመሆኑ አያ ደምሴ፣ የት ወደቀ አሉ? ማን ነገራችሁ?» አለችው።

«እኛማ እዚህ ስንደርስ መስማታችን ነው። ከእኛ በፊት መጥቶ ያረዳት ማነው?»

«ኧረ እናንተ ናችሁ ያረዳችኋት!»

«እኛ? አፋችንን መች ከፈትን!»

ደረት ለመምታት የተነሳው እጅ እዚያው አየር ላይ ቀረ። «ታዲያ በዚህ ጎህ ምን ልትሉ መጣችሁ?» አልኳቸው ከመሬት ሳልነሳ።

አያ ደምሴ ጋቢውን ሰበሰበ፣ መሬት መሬት አየ። «እኛማ... እቴ ትርንጎ... ጥሩዬን ለወንድሜ ልጅ ልንጠይቅ ነበር። ንግግሩን ማን ይጀምር ብለን ነው የተያየነው።»

ወይ ጉድ! ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅም እኮ ማለዳ ነው የሚመጣው፣ ሰው ለሥራ ሳይወጣ። ይሄ እኔ ጠፍቶኝ ነው? ትልቋን ልጄን ድሬ የለም እንዴ! ባሌ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ሽማግሌ የሚመጣው ወደ እኔው ነው። ግን ያን ጊዜ በዚያ መንገድ ሠርግ ይመጣል ብዬ እንዴት ላስብ?

ታዲያ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፣ ጥሩዬ አፍራ ጓዳ ገባች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሞተ ያለኝ የለም፣ አለ ያለኝም የለማ! «አያ ደምሴ፣ ልጄን አልከለክላችሁም፤ ግን ወንድሟ በዚህ በር ሳይገባ ድግስ አልደግስም» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ክረምቱ አለፈ። አንድ ማለዳ፣ ጭጋግ ነበር፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በምርኩዝ ቀስ እያለ ሲመጣ አየሁ። ዝም ብሎ! «አሁንስ መርዶው መጣልሽ፣ ይሄ የእውነቱ ነው» ብዬ ሮጬ ገብቼ በሩን በመወርወሪያ ቀረቀርኩት። አንኳኳ። ጆሮዬን በእጄ ይዤ «ሂድ! አልሰማህም፣ ተመለስ!» እላለሁ። አሁንም አንኳኳ።

«እማ፣» አለ፣ «ኧረ ብርዱ ፈጀኝ!»

መወርወሪያው እንቢ አለኝ፤ ጥሩዬ ናት የከፈተችው። እግሩን ተመትቶ ነው ምርኩዙ። ሲሳዬ! በዚያው ዓመት እህቱን እሱ ራሱ ዳራት።

እኔ አድማጫቸውም ይህን ስሰማ፣ «እማማ ትርንጎ፣ እንግዲያው ሰው የሚያየው የፈራውን ነው ማለት ነው» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ ሁሉን ካላስረዳሁ ትላለህ! እኔማ ልክ ነው ያየሁት፤ ሦስት ሽማግሌ አይደል የመጣው? ይልቅ አያ ደምሴን ጠይቀው፤ ከዚያ ወዲህ ወንፊት ሊዋስ እንኳ ቢመጣ፣ ገና ከማዶ «በደኅና ነው! በደኅና ነው የመጣሁት!» እያለ አገሩን በጩኸት ያደነቁረዋል» አሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።