ለዓይን ምርምር የተዘጋጀው እራት

ከላንቻ ወደ ካዛንቺስ በምትሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ዓይናቸው የጠፋ አዛውንትና ሴት ልጃቸው ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። የሚሄዱትም ለዓይን ሕመም ምርምር ገንዘብ ወደሚሰበሰብበት የእራት ግብዣ ነው።

«ይሄ ከረባት አነቀኝ! ለማያይ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ሌላው ያይሃላ፣ አባዬ! አምሮብሃል።»

«ምርምሩ እንደሆነ ለእኔ አይደርስም። ለምን ትጎትቺኛለሽ?»

«ዛሬ መድረክ ላይ የምናገረው እኔ ነኝ።»

«ስለ እኔ?»

«ስለ ራሴ። ያንተው በሽታ እኔንም ጀምሮኛል።»

አባት በዳበሳ እጇን ፈልገው ያዙ።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«እንዳታዝን ብዬ ነዋ።»

«በይ እንግዲህ፣ ስትናገሪ ከጎንሽ እቆማለሁ። ሳያዩ መሄዱንም ቀስ እያልኩ አስተምርሻለሁ፤ በዚህ እንኳ ፕሮፌሰር ነኝ።»

እኔም ለሠርክ ጸሎት የምወርድበት ቂርቆስ ስንደርስ፣ በወሬያቸው ተመስጬ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍሁ።