ተራ ያለፈው ማን ነው?

ማክሰኞ ጠዋት መገናኛ፣ የቦሌ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ያለችው ልጅ ከወረቀት ላይ እንግሊዝኛ በሹክሹክታ ታጠናለች። ወደ ሰልፉ ጭራ ሲያልፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አይተዋት ጎኗ ገቡ።

«ሰምሃር! ጓለይ፣ ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«አቦይ ግርማይ! ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለኝ። ፈርቻለሁ።»

«አባት ተራ አለፉ እኮ!» አለች ከኋላዬ ሽንኩርት በፌስታል የያዘች ሴት።

«አብረን ነን፣ አብረን ነን» አሉ ሳይዞሩ።

የአባቷ ወዳጅ መሆናቸውን ከጨዋታቸው ተረዳሁ። ሰምሃር ነርስ ናት፤ ባለፈው ወር አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶ ሳይቀጥራት መልሷታል።

«‹ሁሉንም «እኛ ሠራን» አልሽ፤ አንቺ የት አለሽ?› አሉኝ። ዛሬ ‹አይ› ማለት አለብኝ፤ በእንግሊዝኛ ‹እኔ› ማለት ነው።»

«ያቺ ቃል ዓረፍተ ነገር መሐል ስትገባ እንኳ በትልቁ ፊደል ነው የምትጻፈው አሉ። ትዕቢቱ ከፊደሉ ይጀምራል! ‹ሌላ ያመስግንህ እንጂ አፍህ አይደለም› ይላል መጽሐፉ። እንዲህ ነው ያሳደግንሽ?»

«ለምስጋና ብቻ መሰለዎት? ‹ያጠፋሽው ነገር አለ?› ሲሉኝ ‹የክትባት ፍሪጁን ሳንዘጋ ሄድን› አልኩ። ያልዘጋሁት እኔ ነበርኩ። ምንም የማታውቀውን ጓደኛዬን እድላዊትን አብሬ ከሰስኳት።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እሱማ... ጨዋነት ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ላላ።

እኔ ማዳመጥ እንጂ መናገር አይሆንልኝም። ያን ጊዜ ግን አላስቻለኝም።

«ይቅርታ አባቴ፤ ንስሐ አባትዎ ዘንድ ሲቀርቡ ‹በድለናል› ነው የሚሉት ወይስ ‹በድያለሁ›?»

ሰልፉ ሁለት እርምጃ ተጠጋ።

«‹በድያለሁ› ነው እንጂ። እዚያ ማን ተከትሎኝ ይገባል!»

«እንግዲያው ቃሏ የትዕቢት ብቻ አይደለችም፤ የምስክርም ናት። ፊደሏን አይተዋታል? ብቻዋን ቀጥ ብላ የቆመች ዘንግ ናት። ጥፋቱን በእሷ የተናገረ ሰው ልፋቱን በእሷ ቢናገር ማን ይጠረጥረዋል? ቀጣሪው ማንን እንደሚያምን ያውቃል፤ ባልደረባም ባልሠራችው አትታማም።»

ታክሲው መጣ። «ሁለት ሰው!» አለ ረዳቱ።

አቶ ግርማይ ሊገቡ እግራቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት። ወደ ባለ ሽንኩርቷ ዞሩ።

«ተራ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።» ከዚያም ለሰምሃር «መጀመሪያ ፍሪጁን ንገሪያቸው። የቀረውን ሁሉ ሳትፈሪ ‹አይ› እያልሽ ተናገሪ» ብለው እስከ ባቡሩ ድልድይ ወደሚደርሰው የሰልፉ ጭራ ሄዱ።

እኔ በእሳቸው ቦታ ገባሁ። ሰምሃር ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች።

«አይ ሌፍት ዘ ዶር ኦፕን» አለች ጮክ ብላ፤ የፍሪጁን በር ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ ማለቷ ነው።

«በሩን ለእኔ ተዪው፣ እህቴ» አለ ረዳቱ፤ ገጭ አድርጎም ዘጋው።